ባትሪው እንዴት ያልቃል? ለሞዴል አውሮፕላን፣ መኪናና ጀልባ ሪሞት የቤት ባትሪ የመምረጫ ዝርዝር መመሪያ

የቴሌቪዥን ሪሞት ባትሪ ሲደክም ሰው ሪሞቱን መዳፉ ላይ መታ መታ አድርጎ ወይም ድንጋዮቹን ቦታ አቀያይሮ ጥቂት ቀን ያቆየዋል፤ የሚደርስ ጉዳት የለም። የሞዴል አውሮፕላን፣ የድሮን ወይም የጀልባ መቆጣጠሪያ ባትሪ ግን የሚያልቀው ሞዴሉ አየር ላይ ወይም ውኃ መሀል ሳለ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ባትሪ ሲገዛ የሚያነሳው «ስንት ሰዓት ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ ነው። ቀድሞ መነሳት ያለበት «ሲያልቅ እንዴት አድርጎ ያልቃል?» የሚለው ነው፤ ቀስ እያለ እየወረደና ማስጠንቀቂያውን እያስጮኸ፣ ሞዴሉን ለማሳረፍ ጊዜ ሰጥቶ ነው ወይስ በድንገት? ይህ መመሪያ ለቤት ዕቃ የሚሸጡትን ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ ባትሪዎች በዚህ ጥያቄ ይመዝናቸዋል። ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሰው የሞተር ባትሪ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ አይነሳም።

ደረጃ 1፦ መቆጣጠሪያው የሚፈልገውን ማወቅ

የባትሪ ቤቱን ክዳን ከፍተው ስንት ባትሪ እንደሚገባበት ይቁጠሩ። ብዙዎቹ የዛሬ መቆጣጠሪያዎች 4 ደብል ኤ ይወስዳሉ፤ ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ 8 ይወስዱ ነበር፤ የሕፃናት መጫወቻዎች 2 ወይም 3 ትሪፕል ኤ፣ አንዳንዶቹም አራት ማዕዘኑን የ9 ቮልት ባትሪ ይጠቀማሉ። ባትሪዎቹ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ስለሚያያዙ ቮልቴጃቸው ይደመራል፣ የመያዝ አቅማቸው ግን አይደመርም፤ እያንዳንዳቸው 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) የሚይዙ 4 ባትሪዎች በአንድ ላይም 2000 እንጂ 8000 ሚሊአምፔር ሰዓት አይሰጡም።

የተጻፈው ቮልቴጅና የሚለካው ቮልቴጅ አንድ አለመሆናቸውን ከአሁኑ መያዝ ይጠቅማል። አልካላይን ባትሪ 1.5 ቮልት ይባላል እንጂ ከማሸጊያው ሲወጣ 1.6 ገደማ ያሳያል፤ አራቱ ሲደመሩ 6.4 ይሆናሉ። ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ባትሪ ደግሞ 1.2 ቮልት ይባላል፣ ከቻርጀር እንደወጣ ግን 1.4 ያህል ስለሚያሳይ አራቱ ከ5.6 ተነስተው ወዲያው 5 አካባቢ ይረጋሉ። የመቆጣጠሪያው መመሪያ የሚቀበለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቮልቴጅ ይናገራል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ክዳኑ ውስጥ መለጠፍ ኋላ ብዙ ማሰብን ያስቀራል።

በዚህ ደረጃ አንድ የቆየ እምነት መታረም አለበት። ብዙዎቻችን ባትሪው ሲደክም የሪሞቱ ርቀት ቀስ በቀስ እያጠረ ይመጣል ብለን እናስባለን፤ ይህ በቀላል አሠራር ለተሠሩ አሮጌ መቆጣጠሪያዎች ይሠራ ነበር። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩት የዛሬዎቹ ግን ባብዛኛው ውስጣቸው የቮልቴጅ ማስተካከያ ስላለ ባትሪው ሞልቶም ሆነ ተጋምሶ የሚልኩት ምልክት ጥንካሬው አይለወጥም። ባትሪው ማስተካከያው ከሚፈልገው በታች ሲወርድ ግን መቆጣጠሪያው እንዳለ ይጠፋል። ከርቀቱ ማጠር የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የለም ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ከባትሪው ቮልቴጅ አወራረድ ብቻ ነው። የባትሪ ዓይነት ምርጫ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን በአሟሟቱ መለየት

የመጀመሪያው ዓይነት ርካሹ የዚንክ ካርቦን ባትሪ ነው፤ ጎኑ ላይ በላቲን ፊደል አር6 ተብሎ ይጻፍበታል፣ አንዳንዱም «ሄቪ ዲዩቲ» የሚል የሚያስደምም ስም ይዟል። ስሙ እንዳያታልል። ለግድግዳ ሰዓትና ለቴሌቪዥን ሪሞት ይበቃል፣ ለሞዴል መቆጣጠሪያ ግን አቅሙ ትንሽ ነው፣ ብዙ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲጠየቅ ቮልቴጁ ቶሎ ይወርዳል፣ ደክሞ ሲቀመጥም ያፈሳል። ስለሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

አልካላይን ወይም ኤልአር6 የሁሉም ቤት ባትሪ ነው። መቆጣጠሪያ በሚወስደው መጠነኛ ፍሰት ከ2000 እስከ 2800 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሰጣል፣ ተቀምጦም በዓመት የሚያጣው ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ብቻ ነው። አሟሟቱ ከሁሉም የተሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ ከ1.6 ቮልት ተነስቶ እስከ 0.9 ድረስ እንደ ረጅም ቁልቁለት ቀስ እያለ ስለሚወርድ በመቆጣጠሪያው መስኮት (ስክሪን) ላይ ያለው ቁጥር በየቀኑ ምን ያህል እንደቀረ ይናገራል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ፍሰት ሲጠየቅ አይችልም፤ አንድ አምፔር የሚጠይቅ ዕቃ ውስጥ ቢገባ ከተባለለት አቅም ግማሹን እንኳ ሳይሰጥ ያልቃል፣ ምክንያቱም የውስጥ ተቃውሞው ከፍ ያለ ስለሆነ ከጉልበቱ ከፊሉ እዚያው ውስጡ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ደክሞ ከተረሳ ያፈሳል፤ የፈሰሰው ነገርም ከባትሪው ይልቅ የሚወደደውን መቆጣጠሪያ ይበላል።

ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ፣ ማለትም ኤችአር6፣ ቻርጅ የሚደረገው የቤት ባትሪ ነው። የውስጥ ተቃውሞው ትንሽ በመሆኑ ፍሰቱ ቢበዛም ቮልቴጁ ቀጥ ይላል። ቀድሞ የነበረው ትልቁ ነቀፌታ ሳይነካ በራሱ መድከሙ ነበር፤ የድሮዎቹ ሞልተው በተቀመጡ በአንድ ወር ውስጥ ከአቅማቸው አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያጡ ነበር፣ ሰውየውም ሞልቻለሁ ብሎ ሜዳ ሲደርስ ባዶ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓኑ ሳንዮ ኩባንያ ኤነሉፕ በሚል ስም በራሱ የማይደክመውን ዓይነት ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ዛሬ ከብዙ አምራቾች የሚገኘው ይህ ዓይነት ዓመት ተቀምጦም አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይገኛል። የደብል ኤው አቅም ባብዛኛው 1900 ወይም 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ጎኑ ላይ 2500 እና ከዚያ በላይ የተጻፈባቸው አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በራሳቸው የሚደክሙና ዕድሜያቸው ያጠረ ስለሆነ ለመቆጣጠሪያ አልመርጣቸውም።

የኒኬል ባትሪ አሟሟት እንደ ሜዳና ገደል ነው። ረጅሙን ጊዜ በ1.25 እና በ1.2 ቮልት መካከል ያሳልፋል፣ ከ1.15 በታች ሲወርድ ግን የቀረው መንገድ አጭር ነው። ማስጠንቀቂያው በትክክለኛው ቁጥር ላይ ከተደረገ ለማሳረፍ በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ ካልተደረገ አይሰጥም።

አንዴ ብቻ የሚሠራው የ1.5 ቮልት ሊቲየም፣ ኤፍአር6፣ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ አልካላይን 23 ግራም ገደማ ሲመዝን ይህ 15 ግራም ነው፣ እስከ 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሰጣል፣ አልካላይን በሚዝልበት ብርድም ይሠራል። ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ በመጠባበቂያነት ቦርሳ ውስጥ ለዓመታት መቀመጥ ይስማማዋል። አዲስ ሲሆን ያለ ጭነት (ምንም ሳያሠራ) እስከ 1.8 ቮልት ሊያሳይ ስለሚችል 8 የሚወስድ መቆጣጠሪያ ውስጥ ድምሩ 14.4 ይደርሳል፤ መጀመሪያ የጻፉትን ከፍተኛ ቁጥር ይመልከቱ። ቮልቴጁ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ ብሎ ይቆይና ቶሎ ስለሚወድቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ አጭር ነው።

ቀጥሎ ያለው ዓይነት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በቅርብ ዓመታት 1.5 ቮልት ተብለው የሚሸጡ፣ በስልክ ቻርጀር ገመድ ሳይቀር የሚሞሉ የሊቲየም አዮን ደብል ኤ ባትሪዎች በዝተዋል። ውስጣቸው 3.7 ቮልት የሆነ ትንሽ ሊቲየም ባትሪና ቮልቴጁን ወደ 1.5 የሚያወርድ ጥቃቅን ሰርኪዩት አለ። ሰርኪዩቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 1.5 ቮልት እየሰጠ ይቆይና ውስጡ ያለው ሲያልቅ ይዘጋል። ለልጆች መጫወቻ ወይም ለእጅ መብራት ይህ ጥሩ ጠባይ ነው፣ ለሚበር ሞዴል መቆጣጠሪያ ግን ከዚህ የከፋ አሟሟት የለም። እኔ ራሴ አራቱን አስገብቼ ስሠራ ከሰነበትኩ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመቆጣጠሪያው መስኮት 6.0 ቮልት እያሳየኝ፣ ዓይኔ አውሮፕላኑ ላይ እንዳለ፣ የጣቴ ስር ብርሃን ጠፋ። አንድም ጩኸት አልተሰማም። አውሮፕላኑ ምልክት ሲያጣ ሞተሩን እንዲያጠፋ ተደርጎ ስለነበር ዝም ብሎ ተንሳፍፎ አንድ ዛፍ ላይ ወደቀ፤ የፎም ክንፉ መሀሉ ላይ ተሰበረ። ጥፋቱ የባትሪዎቹ አልነበረም፤ የተሠሩበትን ሥራ ሠርተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሊያልቁ ሲሉ ሆን ብለው ወደ 1.1 ቮልት ዝቅ እንዲሉ ተደርገው ይሠራሉ፤ እነዚህ ይሻላሉ፣ ግን አራቱ እኩል ካልደከሙ አንዱ ቀድሞ ሲዘጋ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

ከዚህም የባሰ አደገኛ ነገር አለ። 14500 የሚል ቁጥር ያለበት ባትሪ በመጠኑ ከደብል ኤ አይለይም፣ ነገር ግን ምንም ማውረጃ የሌለው የ3.7 ቮልት ሊቲየም አዮን ነው። አራቱ ሞልተው ቢገቡ 16.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ 6 ቮልት ለሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ይህ የመጨረሻው ቀን ሊሆን ይችላል። ልኩ ስለገጠመ ብቻ ባትሪ አይገባም።

ደረጃ 3፦ የሰዓቱን ሒሳብ መሥራት

መቆጣጠሪያው የሚወስደው ፍሰት በመመሪያው ላይ ይገኛል፤ ከሌለም በቴስተር መለካት ይቻላል። አንድ ቀጭን ካርቶን ሁለቱን ፊት በአሉሚኒየም ወረቀት ለብሶ (ሁለቱ ወረቀቶች ሳይነካኩ) በአንዱ ባትሪና በባትሪ ቤቱ ሞላ (ስፕሪንግ) መካከል ይገባል፣ ቴስተሩም ወደ አምፔር ተዙሮ፣ ቀዩ ገመድ በ10 አምፔር ቀዳዳ ገብቶ፣ ሁለቱ ጫፎች ሁለቱን ወረቀት ይነካሉ። የ2.4 ጊጋኸርትዝ መቆጣጠሪያዎች ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ፤ ትልቅ የቀለም መስኮት ያላቸው ከዚህ ይበልጣሉ።

ባትሪው 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢይዝና መቆጣጠሪያው 150 ቢወስድ በሒሳብ 13 ሰዓት ይሆናል። እኔ ከመቶ 80ውን ብቻ አስባለሁ፣ ስለዚህ አሥር ሰዓት ተኩል። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢያበር አንድ ሙሌት ከአንድ ወር ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ፍሰት የአልካላይንና የኒኬል ልዩነት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ በትልቁ የተጻፈ የሚሊአምፔር ቁጥር ማሳደድ ትርፍ የለውም።

ሒሳቡ የሚገለበጠው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ትንንሽ መጫወቻ ሄሊኮፕተሮች ከሪሞቱ በሚወጣ ቀጭን ገመድ የሚሞሉበት አሠራር ነው፤ እዚያ የሪሞቱ ባትሪዎች ከማስተላለፍ አልፈው ሌላ ባትሪ ይሞላሉ፣ አልካላይኑም በጥቂት ሙሌት ይዝላል፤ የሪሞቱ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ የኒኬል ባትሪ ይገባዋል። ሁለተኛው በሞዴሉ ውስጥ ያለው፣ ከመቆጣጠሪያው ምልክት የሚቀበለው የተቀባዩ ባትሪ ነው። በአንዳንድ ሞተር አልባና ቤንዚን በሚጠቀሙ ሞዴሎች ተቀባዩና ሰርቮዎቹ (መሪውንና የክንፍ ክፍሎችን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) በ4 ደብል ኤ ይሠራሉ። ሰርቮ ዝም ሲል የሚወስደው ጥቂት ነው፣ ሲገፋና ሲጨናነቅ ግን አንድ ብቻውን አንድ አምፔር ሊጠይቅ ይችላል፤ ሦስት አራቱ በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ የአልካላይን ባትሪ ቮልቴጅ ለቅጽበት ይወድቃል፣ ተቀባዩም ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። እስኪነሳና ከመቆጣጠሪያው ጋር እስኪገናኝ ባለው ጊዜ አውሮፕላኑ መሬት ሊደርስ ይችላል። በሞዴሉ ውስጥ ስለዚህ አልካላይን አይገባም፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ግን ምንም ችግር የለበትም። ይህን ልዩነት ያልለዩ ሰዎች «አልካላይን አይሆንም» ወይም «አልካላይን ይሆናል» እየተባባሉ ሲከራከሩ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ደረጃ 4፦ መምረጥና መግዛት

የኔ ፍርድ ይህ ነው። መቆጣጠሪያው የኒኬል ባትሪን ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚቀበልና የማስጠንቀቂያው ቁጥር የሚለወጥ ከሆነ በራሱ የማይደክም የኒኬል ባትሪ ይግዙ። ቁጥሩ የማይለወጥ ሆኖ በ1.5 ቮልት ልክ የተሠራ ከሆነ፣ ወይም መቆጣጠሪያው በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ የሚነካ ከሆነ ጥሩ አልካላይን ይበቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ማውጣት እንዳይረሳ ብቻ። በብርድ ለሚያበርና መጠባበቂያ ለሚፈልግ ኤፍአር6 ሊቲየም ነው። ባለማውረጃው ሊቲየም አዮን መሬት ላይ ለሚሄድ ቀርፋፋ መኪና ሊያገለግል ይችላል፣ ለሚበርና ለሚንሳፈፍ ግን አልመክረውም።

የኒኬል ባትሪ ሲገዙ አራቱን ከአንድ ማሸጊያ ይውሰዱ። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ይመዝኑት፤ እውነተኛ የደብል ኤ ኒኬል ባትሪ ከ26 እስከ 31 ግራም ይመዝናል። ጎኑ ላይ 3500 ወይም 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተጽፎበት 18 ግራም የሚመዝን ባትሪ ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን ያለ የኒኬል ባትሪ ከ2800 አካባቢ በላይ መያዝ አይችልም። በአልካላይን ላይ ደግሞ የሚታየው የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑና ግርጌው ነው፤ በአሉታዊው ጫፍ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ከታየ ማሸጊያውን ሳይከፍቱ ይመልሱ። አንዳንድ የኒኬል ባትሪዎች ወፈር ያሉ ወይም አዎንታዊ እምብርታቸው ያጠረ ስለሆኑ ጠባብ የባትሪ ቤት ውስጥ አይነኩም። ከተቻለ መቆጣጠሪያውን ይዞ ሄዶ መሞከር ነው።

ደረጃ 5፦ ማስጠንቀቂያውን ማስተካከል

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፣ የሚከፍለውም ዋጋ ከሁሉም የበለጠ ነው። ከፋብሪካ ለአልካላይን ተስተካክሎ የመጣ መቆጣጠሪያ ውስጥ የኒኬል ባትሪ ቢገባ ማስጠንቀቂያው ባትሪው ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ ሊጮህ ይችላል፤ ሰውየው ይሰለችና ያጠፋዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም።

በመቆጣጠሪያው ማውጫ ውስጥ የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ ካለ ይምረጡ፤ ቁጥር የሚጻፍ ከሆነ ለኒኬል በአንድ ባትሪ 1.15 ቮልት ሒሳብ፣ ለአራት 4.6 ያድርጉት። መመሪያው ሌላ ቁጥር ካዘዘ የሱ ይበልጣል። ከዚያ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ማመን ሳይሆን መፈተን ያስፈልጋል፤ ሞዴሉ ጠፍቶ መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛ ላይ አብርተው ይተዉት፣ ማስጠንቀቂያው የጮኸበትን ሰዓት ይመዝግቡ፣ ቀጥሎም ለመጥፋት ስንት ደቂቃ እንደቀረው ይጠብቁ። መካከሉ ከግማሽ ሰዓት ካነሰ ቁጥሩን ከፍ ያድርጉት። ከፈተናው በኋላ ባትሪዎቹን ወዲያው ማውጣትና መሙላት ነው፤ ባዶ ሆነው መቆየት ይጎዳቸዋል።

ደረጃ 6፦ ቻርጀሩ

ጥሩ የኒኬል ባትሪ በመጥፎ ቻርጀር በአንድ ዓመት ይሞታል። የሚፈለገው እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻው የሚከታተል ቻርጀር ነው፤ ሁለት ሁለት እያጣመረ የሚሞላው ርካሹ ዓይነት አንዱን ሳይሞላ ሌላውን ያቃጥላል። ብልህ የሚባለው ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ ቮልቴጁ ከጫፍ ደርሶ በጥቂቱ መለስ የሚልባትን ቅጽበት ጠብቆ ያቆማል። ይህቺ ምልክት የምትታየው ግን ፍሰቱ በቂ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ለ2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 1000 ሚሊአምፔር መስጠት፣ «ቀስ ብሎ ይሙላ» ተብሎ 300 ከመስጠት ይሻላል፣ ምክንያቱም በትንሹ ፍሰት ምልክቷ ልትጠፋና ቻርጀሩ ሳያቆም ሊቀጥል ይችላል። ሊያልቅ ሲል ባትሪው ሞቅ ማለቱ ጤና ነው፣ በእጅ መያዝ የማይቻል ከሆነ ግን አይደለም።

መቆጣጠሪያው ራሱ የቻርጅ ቀዳዳ ካለው ውስጡ አልካላይን እያለ በፍጹም አይሰካ። አልካላይን ሲሞላ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ደረጃ 7፦ ማስገባት፣ መለካት፣ መፈተሽ

አራቱ ባትሪዎች እንደ አንድ ቤተሰብ ይኑሩ፤ በማርከር አንድ ፊደል ጽፎባቸው አብረው ይሞሉ፣ አብረው ይውጡ። አዲስና አሮጌ፣ ኒኬልና አልካላይን አይቀላቀሉ። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል፦ አንድ ጊዜ መቆጣጠሪያዬ 4.8 ቮልት እያሳየ ነበር፣ ለኒኬል ይህ ጥሩ ቁጥር ነው። አውጥቼ ለየብቻ ስለካቸው 1.31፣ 1.29፣ 1.30 እና 0.94 አገኘሁ። ሦስቱ ጤነኞች የአንዱን ሞት ሸፍነው ድምሩን አሳምረውታል። ያ ደካማ ባትሪ ባዶ ሲሆን ሌሎቹ ፍሰቱን በውስጡ አስገድደው እያሳለፉ ዋልታውን ይገለብጡታል (አዎንታዊውና አሉታዊው ጫፍ ይቀያየራሉ)፣ ከዚያ በኋላም አይድንም። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ከሥራ በኋላ አራቱንም ለየብቻ ይለኩ፤ ከጓደኞቹ ከ0.1 ቮልት በላይ የወረደውን ሞልተው እንደገና ይፈትኑት፣ ከደገመው ያሰናብቱት።

አልካላይን ሲለካ ያለ ጭነት የሚታየው ቁጥር አሳሳች ነው፤ ያረፈ ባትሪ ቮልቴጁ መለስ ይላል። 10 ኦም የሆነ የግማሽ ዋት ሬዚስተር በሁለቱ ጫፎች ላይ ለጥቂት ሰከንድ አስነክቶ መለካት ይሻላል፤ 150 ሚሊአምፔር ያህል ስለሚስብ መቆጣጠሪያው ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ «ከነጠረ አልቋል» የሚለው የታወቀ ዘዴ ግን ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አልካላይን ሲያገለግል ውስጡ ያለው ዚንክ ወደ ኦክሳይድ እየተለወጠ ስለሚጠነክር በእርግጥ ይነጥራል፣ ነገር ግን ንጥረቱ ገና ባትሪው ሲጋመስ ከፍታው ላይ ደርሶ ይቆማል። የነጠረ ባትሪ አዲስ አይደለም ማለት ነው እንጂ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

የባትሪ ቤቱ ሞላና ንጣፍ ከደበዘዙ በላጲስ ይጠረጉ፣ ከዚያም አልኮል በነካ ጥጥ ይወልወሉ። ባትሪዎቹ ሲገቡ እያንዳንዳቸውን በአውራ ጣት አሽከርክሮ ማስቀመጥ ስስ ዝገትን ይፍቃል። የሚላላ ባትሪ ካለ ሞላውን በጥንቃቄ ሳብ ማድረግ ይበቃል፤ የታጠፈ ወረቀት ከኋላ መሸጎጥ መኪና ላይ ያስኬዳል፣ መንገጫገጭ ባለበት ሞዴል ላይ ግን አያስተማምንም። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ከመብረር በፊት መመሪያው ባዘዘው እርምጃ ያህል ርቆ የርቀት ፍተሻውን መሥራት ነው። መቆጣጠሪያውንም ነቅነቅ አድርጎ መስኮቱ ብልጭ ድርግም አለማለቱን ይዩ።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥና የፈሰሰውን ማጽዳት

ከአንድ ወር በላይ የማይነካ መቆጣጠሪያ ውስጥ አልካላይን አይቀመጥ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም፣ ሲወጣ ጤዛ ይይዘዋል፤ ፀሐይ የማይመታው መሳቢያ በቂ ነው። የ9 ቮልት ባትሪ ሁለት ጫፎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ከቁልፍና ከሽቦ ጋር ተነካክቶ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ጫፎቹ ላይ ናስትሮ ይለጠፍባቸው።

አልካላይን አፍስሶ ከተገኘ የሚታየው ነጭ ብናኝ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቅሪት ነው፤ ቆዳንም ዓይንንም ስለሚጎዳ ጓንት ያድርጉ፣ አይንፉበት። ባትሪዎቹን አውጥተው ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ካራገፉ በኋላ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ንጣፉን ይንኩት፤ ይንተከተካል፣ ሲያቆም ገለልተኛ ሆኗል ማለት ነው። የፈሰሰው ዚንክ ካርቦን ከሆነ ግን ራሱ አሲድነት ስላለው ኮምጣጤው አይረዳም፤ በውኃ የቀለለ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጥጥ፣ ቀጥሎ በአልኮል ወልውለው ለአንድ ቀን ክዳኑን ከፍተው ያድርቁት። ሞላው ላይ ያለው ሽፋን ተልጦ አረንጓዴ ከሆነ ማጽዳቱ ለጊዜው ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ልባስ በጥፍር ገፋ አድርገው ይመልከቱ፣ መዳቡ ከጠቆረ ዝገቱ በሽቦው ውስጥ ለውስጥ ወደ ሰርኪዩቱ እየተጓዘ ስለሆነ ሞላውም ሽቦውም አንድ ላይ ይቀየራሉ።